የተቆላ አፈር

ድሬ ዳዋ፣ ለገሃሬ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ዝናቡ አያባራም ወደምትይው አገር፣ ለወንድሜ ልጅ ለቢላን።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። አላህ ከብርድም ከክፉ ዓይንም ይጠብቅሽ፣ የሄድሽበትን ያሳካልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያማርራል፤ ሌላው አካሌ ዝም ብሏል።

ፖስታ ስታዪ "ኤዶ ምን ሆነች?" ብለሽ እንዳትደነግጪ። ስልክ ያልደወልኩት ሆን ብዬ ነው። ሁልጊዜ የምንነጋገረው በጎረቤቴ በሆዳን ስልክ ነው፤ ሆዳን ደግሞ ከሰዓት የሰማችውን ነገር መግሪብ ሳይደርስ መጋላ ገበያ ያውቀዋል። ስለዚህ በምድር ባቡር ሠራተኞች ክበብ የቆጠርኩትን ፊደል አቧራውን አራግፌ አወጣሁት። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ቴምብር ስላት ትኩር ብላ አየችኝ፤ ከመቃብር የተነሳሁ ሳልመስላት አልቀረሁም።

ነገሩ የሼፍ ነው፤ የውሻው። አጎትሽ፣ ባለቤቴ ዓደን፣ አላህ ይርሐመውና፣ ጡረታ ወጥቶም ከማይርቀው ከባቡር ጥገናው ግቢ በኮቱ ጠቅልሎ ያመጣው። "ይሄ የጣቢያ አለቃ ነው" ብሎ በፈረንሳይኛ ሼፍ አለው። አንቺ አልጋ ላይ ወጥተሽ "አውጡልኝ!" እያልሽ ሰፈሩን ያነቃሽበት ቡችላ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ታመመ። መጀመሪያ በዓይኑና በአፍንጫው መሃል ፀጉሩ ክብ ሆኖ ረገፈ፤ አንድ ብር የሚያህል። ከዚያ ጆሮው፣ ከዚያ የፊት እግሩ። መሃሉ ቅርፊት ያወጣል፣ ዙሪያው ይቀላል። ፍየል የሚያክም ሰው እከክ ነው ብሎ ወጋው፤ ምንም። የባጃጅ ሹፌሩ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ቀቢው አለኝ፣ ቀባሁት። ሦስት ቀን እንደ ጋራዥ ሸተተ፤ ቁስሉ ግን አንዲት ቅንጣት አልቀነሰም።

አሁን የግቢው ባለቤት የዐብዱላሂ ልጅ፣ አምስት ዓመቷ ዱኒያ፣ ጉንጯ ላይ ያንኑ ክብ አወጣች። ዐብዱላሂ ክፉ ሰው አይደለም። አጎትሽ ሲሞት የሐዘኑን ሦስት ቀን ምግብ የቻለ እሱ ነው። ግን አባት ነው። "ኤዶ ሃሊሞ፣ ረመዳን ሳይገባ ካልዳነ በአይሱዙዬ ጭኜ ጀልዴሳ በረሃ እለቀዋለሁ" አለኝ። አቦ! ዘጠኝ ዓመት ለገሃሬ የኖረ ውሻ ጀልዴሳ? የመጀመሪያው ጅብ ሰላም እንኳ ሳይለው ይበላዋል።

አንቺ የውሻ ሐኪም ነሽና መላ በይኝ። ለግቢው ሁሉ "የወንድሜ ልጅ ኖርዌይ ዶክተር ናት" ብያለሁና እንዳታሳፍሪኝ። ውሻውን የምወደው ደግሞ እንዳይመስልሽ። አልነካውም፤ ምግቡን ከሩቅ ነው የማስቀምጥለት። ብቻ አላህ ልጅ አልሰጠንም፤ ከዓደን የቀረኝ አደራ እሱ ነው።

ሰላም ዋዪ።
የአባትሽ እህት ኤዶሽ ሃሊሞ

የዘይቱን ነገር አትቆጪኝ።


በርገን፣ ኖርዌይ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ከጀልዴሳ ለትምህርት ስመጣ ስድስት ዓመት ጉያዋ ላሳደረችኝ፣ ለኤዶ ሃሊሞ።

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽንም ያበርታልሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ዝናቡም ደኅና ነው፤ እንደነገርኩሽ አለ።

ደብዳቤሽ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ከዚያ ዘይቱ ጋ ስደርስ ለቅሶዬን አቋረጥሽኝ። ኤዶ! የተቃጠለ ዘይት መርዝ ነው። ውሻ ገላውን ይልሳል፣ የላሰው ሆዱ ይገባል። ካልለቀቀ በሳሙና አስለቅቂው፤ ሁለተኛም እንዳትቀቢው።

የነገርሽኝ እከክ አይመስለኝም። እከክ ከትንንሽ ተባይ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ግን ጭርት ይመስላል። ጭርት ፈንገስ ነው፣ ዳቦ ላይ እንደሚወጣው ሻጋታ ያለ። ፀጉርና ቆዳ ይበላል፤ ከእንስሳ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ዱኒያን ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ በቅባት ይድናል። ሼፍም ይድናል። ለዐብዱላሂ በደንብ ንገሪው፦ የሚድን በሽታ ነው፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል።

እርግጠኛ ለመሆን ፀጉሩን ላኪልኝ። ከክቡ ጠርዝ ላይ በወረንጦ ተነቅሎ፣ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ። አንቺ አትንኪው፤ ሰው ይንቀልልሽ። የሚተኛበትን ጆንያ አቃጥዪው።

ስለ ዶክተርነቱ ግን ለሰው ብዙ አታውሪ፣ እባክሽ። ከሐኪሞች ጋር ነው የምሠራው።

አላህ ለሼፍም ይዘንለት።
ልጅሽ ቢላን


ድሬ ዳዋ
ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ ለቢላን፣ አላህ ከሰው አፍ ያውጣሽ።

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤሽ ደርሶኝ እንደ ኪታብ ስደግመው ከረምኩ። "ብዙ አታውሪ" ያልሽው ትሕትና ነው፤ ዶክተር ሁሉ እንዳንቺ ቢሆን። አውርቻለሁ፣ ምን ታመጪ።

ፀጉሩ ይኸው። ከዱኒያ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ነው የጠቀለልኩት፤ ከውጭ ያለው "ሀ ሁ" የእሷ ነው። ዐብዱላሂ ያዘልኝ፣ በረጅም ወረንጦ ተነቀለ፣ አለቀ። አንዱ ከዓይኑ ሥር ነው፤ ሌሎቹ ከጆሮውና ከእግሩ። ጆንያውንም አቃጠልኩት። ሼፍ አሁን ባዶ መሬት ላይ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ይተኛል፤ የታወቀው ቦታው ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ሆዱ እስኪቀዘቅዝ አፈሩን ይቆፍርና ጉድጓዱ ውስጥ ይጋደማል። ዱኒያ አጠገቡ የጭቃ ድስት ትሠራለች። እናቷ ቀመሪያ ስትጠራት ሁለቱም አፈር መስለው ይነሳሉ።

የዱኒያ ጉንጭ በቅባቱ ደርቋል። የሼፍ ግን ሰፋ። መድኃኒት ላኪ፤ ቅባቱ ሁለት ቱቦ ቢሆን ጥሩ ነው። ለምን ሁለት አትበይኝ፣ ትልቅ ውሻ ነው።

እኔ እንደሆነ አትስጊ፣ አልነካውም። ውሻ ትነካለች ከተባልኩ ረመዳን ሲገባ ሳምቡሳዬን ማን ይገዛኛል? ሆዳን ብቻዋን ታስከስረኛለች። የበላበትን ሳህን እንኳ ነቢዩ እንዳዘዙት፣ አጎትሽም ሲያደርግ እንደኖረው ሰባት ጊዜ ነው የማጥበው፣ አንዱን በአፈር።

እጅሽን በክሬም ያዢ፤ ብርድ እጅ ያስረጃል።
ኤዶሽ


በርገን
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤዶ ሃሊሞ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ነጋዴው ኻሊፍ ከድሬ መጥቶ ነገ ሊመለስ ስለሆነ በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ፖስታውን የሚያመጣልሽ እሱ ነው፤ መድኃኒቱንም።

ሻምፑው በሳምንት ሁለት ቀን። ቀብተሽ አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይታጠብ። ቶሎ ካጠባችሁት ጥቅም የለውም። ቅባቱ፣ ያልሽው ሁለት ቱቦ፣ ክቡ ላይ ብቻ በስሱ። ክኒኑ በቀን አንድ፣ ከሰባ ምግብ ጋር፤ ያለ ቅባት ሰውነቱ በደንብ አይወስደውም። አጣቢው ጓንት ያድርግ። ቁስሉ ቢደርቅም ክኒኑን አታቋርጪ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ፀጉሩን ለክሊኒካችን ዶክተር ሰጠኋት። ክብ ሳህን ውስጥ እንደ ዘር ዘርታዋለች፤ እስኪበቅል ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ያኔ ዓይነቱን እናውቃለን።

እጄ በብርድ ተሰነጣጥቆ ጽሑፌ ተበላሸ፤ ይቅር በይኝ። ክሬሙ አይረዳም።

ቢላን


ድሬ ዳዋ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቢላን።

አሰላሙ አለይኩም። ኻሊፍ ሁሉንም አድርሷል፣ አላህ እግሩን ያበርታው። ክኒኑን በሱባግ አድርጌ ሰጠሁት። ለእኔ ሱባግ ተወዶብኝ በዘይት የምበላ ሴት ለውሻ ቅቤ አቀለጥኩ፤ ዓደን ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር።

አሥር ቀን ያህል ተስፋ ሆነልን። ቅርፊቱ ተራገፈ፣ የእግሩ ፀጉር ቆጥቆጥ አለ። ዐብዱላሂም "ዶክተሯ ልጅሽ ታውቃለች" ብሎኝ ነበር። ከዚያ ባለፈው ሰኞ ደረቱ ላይ አዲስ ክብ ወጣ። ሐሙስ ሌላ፣ ሆዱ ላይ። የዱኒያ ጉንጭ ድኖ አሁን ደግሞ አንጓዋ ላይ ወጣባት።

ቀመሪያ ልጇን ታቅፋ መጥታ አንጓዋን አሳይታኝ ተመለሰች፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ዐብዱላሂ ትናንት አይሱዙውን ሲያጥብ "ረመዳን አምስት ሳምንት ቀረው" አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጎማው ነው የነገረው። ሼፍ ደግሞ ጅራቱን እየቆላ ጎማውን ያሸታል። የት እንደሚወስደው ምን ያውቃል።

ሌላ ቅባት ላኪ። ሁለቱም ቱቦ አለቀ። ጽሑፌ ከተጣመመብሽ ብርጭቆ ቆርጦኝ ነው።

ቢላን፣ ፈርቻለሁ። ቤቱ ዓደን ከሞተ ወዲህ ጭር ነው፤ በሩ ላይ ሲያንጎራጉር የምሰማው እሱን ብቻ ነው። እሱ ከሄደ ዓደን ሁለተኛ የሞተብኝ ይመስለኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺ ነው።

ኤዶሽ ሃሊሞ


በርገን
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤዶ ሃሊሞ፣ ከእናቴ እኩል ለማያት።

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ለሆዳን ልደውል ስልኬን ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። የምልሽን ሌላ ጆሮ እንዲሰማው አልፈለግኩም። ለዚህ ነው በፈጣን ፖስታ የላክሁት፤ ረመዳን ሳይገባ ያድርስልን።

ከላክሽው ፀጉር የበቀለው ነገር ታወቀ። ሳህኑ ላይ ዱቄት የመሰለ፣ ቀለሙ ቀረፋ ቀረፋ የሚል ሻጋታ ወጣ። ዶክተሯ አጉልታ አይታው "ይሄ ከውሻ ወደ ውሻ የሚሄደው የተለመደው አይደለም፤ አፈር ውስጥ የሚኖር ነው። ውሻው የት ነው የሚቆፍረው?" አለችኝ። ኒሙን ነገርኳት። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ስፈታ ጣሳው ትዝ አለኝ።

ታስታውሻለሽ? ሼፍ ሳህን በላሰ ቁጥር አጎቴ ዓደን ያቺን የቲማቲም ጣሳ ይዞ ኒሙ ሥር ይሄዳል፣ ከጥላው አፈር ይዝቃል፣ እንደ ባቡር ሠራተኛ ቀጥ ብሎ ይቆምና "ማዳም፣ አፈርሽ ደረሰ!" ይልሻል። አንቺ ትስቂያለሽ። አሁንም ከዚያው ነው የምትዘቂው፤ እርግጠኛ ነኝ።

ኤዶ፣ አትቆጪኝ። ሁለት ቱቦ ቅባት ለአንድ ውሻ ሁለት ወር ይበቃል፤ አንቺ በሦስት ሳምንት ጨረስሽው። ውሻ ደግሞ ዓይኑ ሥር ወረንጦ የሚያስጠጋው ለሚያምነው ሰው ብቻ ነው፤ ያን ፀጉር የነቀለው ዐብዱላሂ አይደለም። ጽሑፍሽም ከጥቅምት ጀምሮ እየተጣመመ ነው የመጣው፤ የትኛው ብርጭቆ ነው አራት ወር የሚቆርጠው?

ሼፍን ትነኪዋለሽ። ለማንም አልነገርኩም። በነካሽው ቁጥር ሰባት ጊዜ ትታጠቢያለሽ፣ አንዱን በዚያ አፈር። በሽታው ያለው እዚያው ውስጥ ነው። እጅሽ ላይ ያለውን ለሼፍ ትመልሺለታለሽ፣ እሱ ይቆፍረዋል፣ ዱኒያ ትጫወትበታለች። ስንት ክኒን ብልክ በዚህ አይድንም። ያን አፈር ከግቢ አስወጡት። ለእጥበት ሌላ ቦታ ያለ አፈር አምጪና በእሳት አግዪው፤ ሙቀት ይገድለዋል ብላለች ዶክተሯ። እጅሽን ለሐኪም አሳዪ፤ የውሻውን ክኒን አንቺ እንዳትውጪ።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ዶክተር አይደለሁም። ተማሪም አይደለሁም። ክሊኒኩ ውስጥ ውሻ አጥባለሁ፣ ጥፍር እቆርጣለሁ፣ የተኙበትን አጸዳለሁ። አልጋ ላይ ወጥታ የምትጮኸዋ ቢላን። በስልክ "ከሐኪሞች ጋር ነው የምሠራው" ስል አንቺ ዶክተር አደረግሽኝ፤ እኔም ደስ አለኝና ዝም አልኩ። "ቢላን አውሮፓ ሄዳ የውሻ ገረድ ሆነች" መባልን ፈራሁ። ከሥራ ስመለስ እኔም ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ። እዚህ መሬቱ በብርዱ ድንጋይ ስለሚሆን ከአበባ ሱቅ በላስቲክ የታሸገ አፈር እገዛለሁ። የበሰበሰ እንጨት ይሸታል፤ አፈር ይሁን አይሁን እንኳ አላውቅም። እጄ የተሰነጣጠቀው ለዚያ ነው እንጂ ብርዱ ብቻ አይደለም።

ካስቀየምኩሽ ይቅር በይኝ። ሼፍን ግን አትስጪ።

ቢላን


በርገን
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤዶ፣

ረመዳን ከገባ ሳምንት ሆነ። ፈጣን ፖስታው መድረሱን በኮምፒዩተር አይቻለሁ፤ ያንቺ መልስ ግን የለም። ለሆዳን ደወልኩ። "ኤዶ ሃሊሞ ደኅና ናት፣ እጇ ግን ታስሯል፤ ሌላውን ራሷ ትንገርሽ" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሆዳን! ወሬ ይዛ ዝም ያለችው በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሼፍ ሄዷል? ሄዶም ከሆነ ንገሪኝ። ተቆጥተሽም ከሆነ ተቆጥተሽ ጻፊልኝ።

ቢላን


ድሬ ዳዋ፣ ለገሃሬ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፣ ለቢላን።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ዒድ ሙባረክ። አላህ ጾምሽን ይቀበልሽ።

ዘገየሁ፤ አውቃለሁ። አንደኛ፣ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ሁለተኛ፣ ተቀይሜሽ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ "ይቺ ልጅ ቀላል አደረገችኝ" እያልኩ ስብከነከን ቆየሁና ራሴን ታዘብኩት። ውሻ አልነካም እያለች ስትነካ የኖረች ሴት ማንን ውሸታም ልትል ነው?

አዎ፣ እነካዋለሁ። አጎትሽ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ሐዘንተኛው ተበትኖ ግቢው ጭር ሲል፣ ሼፍ መጥቶ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ጣለው። ገፋሁት። ተመልሶ መጣ፣ ገፋሁት። ሦስተኛ ሲመጣ እጄ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳያይ ጆሮውን አክለታለሁ፤ እንደ ዓደን። እወደዋለሁ ቢላን። ይኸው ጻፍኩት።

ደብዳቤሽ የደረሰው ማክሰኞ ነው። ዐብዱላሂ ሼፍን ሊጭነው የተነጋገርነው ለዐርብ ጠዋት፣ ረመዳን ለቅዳሜ። ሐሙስ ከሰዓት ግቢው ሙሉ ሰው ሳለ ወጣሁና እጄን ዘርግቼ "እዩት" አልኩ። ሁለቱ መዳፌ፣ በጣቶቼ መሃል፣ አንጓዬ ድረስ ክብ በክብ ነው። ሆዳን "ሱብሓነላህ" ብላ አፏን ያዘች።

"ዐብዱላሂ" አልኩት፣ "በሽታው የኒሙ አፈር ነው። ሼፍ ይተኛበታል፣ ዱኒያ ድስት ትሠራበታለች፣ እኔ እጄን እታጠብበታለሁ። ውሻውን የምትጭን ከሆነ እኔንም ጫነኝ፤ ልጅህንም ጨምር።"

"ኤዶ፣ ውሻውን ትነኪዋለሽ እንዴ?" አለኝ።

"እነካዋለሁ።"

"ሳምቡሳሽስ?"

"እጄ እስኪድን ሊጥ አልነካም። የዘንድሮው ቀረብኝ።"

የረመዳን ሳምቡሳዬ ለዓመት ጉሮሮዬ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዐብዱላሂ መሬት መሬት እያየ ቤቱ ገባ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አላህ ይወቀው።

ዐርብ ጠዋት አይሱዙው ሲነሳ ሰማሁ። ሼፍን አንገቱን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ምን አየሁ? ዐብዱላሂና ሁለት ወዛደሮች ኒሙን ከበው ይቆፍራሉ። አንድ ክንድ ያህል አወረዱት። ለሼፍ የታጠበው አይሱዙ አፈር ጭኖ ወጣ፤ ከመልካ ጀብዱ መንገድ ማዶ፣ ሰው ከማይደርስበት ገደል ደፍተውት መጡ። ሼፍ በሩ ላይ ተቀምጦ መኪናውን እንደ ጣቢያ አለቃ አሳለፈው። ጉድጓዱ ላይ ኖራ አፍስሰው ድንጋይ አነጠፉበት። ዐብዱላሂ ላቡን ጠርጎ "ይቅር በይኝ ኤዶ፣ የልጅ ነገር ሆኖብኝ ነው" አለኝ። እኔም "የእኔም የልጅ ነገር ነው" አልኩት።

ቀጥሎ አፈር መቁላት መጣ። ከኮረብታው ሥር ሰው ካልረገጠው አስመጣሁና በመጥበሻ ከሰል ላይ ጣድኩት። ሆዳን ገብታ ሳማስል አየችኝ። "ኡኡ! ኤዶ ሃሊሞ አፈር ቆላች! የሐዘኑ ነገር ራሷ ላይ ወጣ!" ብላ ሰፈሩን ሰበሰበችው። ሼኹ ዘንድ ሄጄ የተቆላ አፈር ለእጥበት ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁን እየዋጠ "አመድ እስካልሆነ ድረስ አፈር ነው፤ ግን ጨው እንዳትጨምሪበት" አለኝ።

ጤና ጣቢያ ለእጄ ክኒንና ቅባት ሰጡኝ። በረመዳን ሁለተኛው ቀን ቀመሪያ በሬን አንኳኩታ ገባች። ዱቄቱን አውርዳ ታቦካ ጀመር። "ሊጡን እኔ እዳምጣለሁ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ እዘዢኝ" አለች። እኔ በጓንት ዘይቱ ላይ ቆምኩ። የዚያን ዕለት የገዛን የለም። በማግስቱ ዐብዱላሂ ሃያ ገዝቶ በሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየጎረሰ አፈጠረ። ከዚያ ወዲያ ተሰለፉ። የቀመሪያ ሊጥ ወፍራም ነው፤ እንዳትነግሪያት።

ሼፍ ደረቱም ሆዱም ፀጉር ሸፍኖታል፤ ዓይኑ ሥር ብቻ ነጭ ሆኖ በቀለ፣ መነጽር ያደረገ ይመስላል። ዱኒያ ንጹሕ ናት። የእኔም እጅ ይኸው ይጽፋል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እውነቱን ለግቢው የነገርኩት ራሴ ነኝ፤ ሆዳን ይህን ሁሉ ይዛ ዝም ያለችው ከእኔ አፍ ትስሚው ብዬ በወላሂ አስሬያት ነው። "ቢላን ዶክተር አይደለችም፣ ውሻ አጣቢ ናት" አልኳቸው። ዐብዱላሂ ምን አለ መሰለሽ? "የሐኪሙ መርፌ ያላየውን አጣቢዋ አየችው።" ለጠማው ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣው ሰውዬ አላህ ዘንድ ምን ምሕረት እንዳገኘ እኔው ቤት ቁጭ ብለሽ የቀራሽው አይደል? እጅሽ በሐላል ነው የተሰነጠቀው። ማንም ገረድ ቢልሽ ወደ እኔ ላኪው።

ያን የአበባ ሱቅ አፈር ግን ዛሬውኑ ጣዪው። በላስቲክ የታሸገ እንጨት ለልጄ እጅ አይሆንም። ኻሊፍ እንደገና እየመጣ ነው። የሰጠሁትን አይቶ "አፈር ነው?" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ "አፈር ነው" አልኩት። የድሬ ነው፤ በእጄ ነፍቼ፣ በእጄ ቆልቼዋለሁ። ጥቂት ጥቂት አድርጊበት፣ ሲያልቅ ሌላ እቆላለሁ። ስድስቱን በውኃሽ ታጠቢ፣ ሰባተኛውን በዚህ። አፈሩ ያለበትን ጣሳ አፍልቼዋለሁ፤ ስታዪው ታውቂዋለሽ።

ማዳም፣ አፈርሽ ደረሰ።

ኤዶሽ ሃሊሞ